የራውተርና የኔትወርክ ቃላት፦ ከደሴና ከአካባቢዋ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

"ዋይፋይ እምቢ አለን" ብሎ የሚደውል ሰው ሁሉ ችግሩ አንድ ዓይነት አይደለም። መንገዱ ሦስት ቦታ ሊበጠስ ይችላል። ከስልካችሁ እስከ ራውተሩ፣ ከራውተሩ እስከ ቴሌ፣ ወይም ከቴሌ ወዲያ። የቱ ጋ እንደተበጠሰ ሳያዩ አዲስ ራውተር የሚገዙ ብዙ ናቸው። አዲሱም ያው ይሆናል፤ ብሩ ግን ወጥቷል። ከዚህ በታች ያሉት ጥያቄዎች የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የሐይቅና የወልዲያ ደንበኞች ደጋግመው የሚያነሷቸው ናቸው።

ሞደም፣ ራውተር፣ ዋይፋይ፣ ኢንተርኔት… ሁሉም አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። ግን የሚምታቱት በከንቱ አይደለም፤ ቤታችሁ ያለችው አንዲት ሳጥን ሁሉንም ሥራ ጠቅልላ ስለምትሠራ ነው።

ሞደም ከውጭ የሚመጣውን መስመር ራውተሩ ወደሚረዳው ምልክት ይቀይራል። መስመራችሁ በስልክ ሽቦ የሚመጣ ኤዲኤስኤል ከሆነ ይህ የሞደም ሥራ ነው። ፋይበር ከገባላችሁ ደግሞ ያንኑ ሥራ የሚሠራው ኦኤንቲ ይባላል። በቀጭኗ የመስታወት ክር የሚመጣውን ብርሃን ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል።

ራውተር ከዚያ ቀጥሎ ነው። ስልኮቹን፣ ቴሌቪዥኑንና ላፕቶፑን በአንድ መስመር ያስተናግዳል፤ የመጣው መልስ የማን እንደሆነም ይለያል። ዋይፋይ በራውተሩና በስልካችሁ መካከል በአየር ላይ የሚሄደው ሬዲዮ ብቻ ነው። ስለዚህ ኢንተርኔት ሳይኖር ዋይፋይ ሊኖር ይችላል። ዋይፋይ ጠፍቶም ኢንተርኔት ሊኖር ይችላል፤ ያን ጊዜ በኬብል የተገናኘው ኮምፒውተር ምንም ሳይነካው ይቀጥላል።

ኮምቦልቻ ውስጥ ያሉ ፋብሪካዎችና ትልልቅ ቢሮዎች ጋ እነዚህ ሥራዎች ተለያይተው ታገኛላችሁ። ራውተሩና ስዊቹ (መስመሩን ለብዙ ኮምፒውተር የሚያካፍለው ሳጥን) በመሣሪያ መደርደሪያው ራክ ላይ፣ ዋይፋይ የሚለቀው አክሰስ ፖይንት ጣሪያ ላይ። ለመኖሪያ ቤት ግን አንዷ ሳጥን ትበቃለች።

ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ግን ምንም አይከፍትም። እንዴት ይሆናል?

በብዛት የምንጠየቀው ይህ ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው የዋይፋይ ምልክት የሚነግራችሁ ራውተሩን ምን ያህል አጥርታችሁ እንደምትሰሙ ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው ነገር አንድም አይናገርም።

እንዲህ ፈትሹት። መጀመሪያ የስልኩን ዳታ አጥፉ፤ አለበለዚያ ስልኩ በዳታ እየከፈተ ያታልላችኋል። ከዚያ ብሮውዘር ላይ የራውተሩን ቁጥር ጻፉ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው። አንዳንዱ ላይ 192.168.0.1፣ በርካታ የሁዋዌ 4ጂ ራውተሮች ላይ ደግሞ 192.168.8.1 ነው። ራውተሩ ጀርባ ላይ ወይም ሆዱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ይነግራችኋል። የራውተሩ ገጽ ከተከፈተ ከስልክ እስከ ራውተር ያለው መንገድ ጤነኛ ነው። ራውተር መቀየሩን እርሱት።

ቀጥሎ በዚያው ገጽ ውስጥ ዋን (WAN፣ ወደ ውጭ የሚወጣው መስመር) ወይም ኢንተርኔት የሚለውን ቦታ ክፈቱ። የአይፒ ቁጥር ካለ መስመሩ ገብቷል። ባዶ ከሆነ ወይም 0.0.0.0 ካለ ችግሩ ከራውተሩ ወደ ውጭ ነው። ሳጥኗን አጥፍታችሁ አብሩ፣ ሂሳቡ መከፈሉን አረጋግጡ፣ ከዚያ 994 ደውሉ። ስትደውሉ "ዋይፋይ አይሠራም" አትበሉ። "ዋኑ አይፒ አላገኘም" በሉ። የሚያነሳው ሰው "ዋይፋይዎን አጥፍተው ያብሩ" የሚለውን ዘልሎ ወደ ዋናው ነገር ይገባል።

ዋኑ ቁጥር አለው፣ ግን ዌብሳይት አይከፈትም? እዚያ ላይ ዲኤንኤስ የሚባለው ይጠረጠራል። ወደ ታች ተመልከቱ።

ላን እና ዋን የተጻፈባቸው ቀዳዳዎች ልዩነታቸው ምንድን ነው?

ላን ወደ ቤት፣ ዋን ወደ ውጭ። የዋኑ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ከሌሎቹ በቀለም ይለያል። ላኖቹ ቁጥር ተሰጥቷቸው ተደርድረዋል። ቤት ሲጸዳ ኬብሉ ተነቅሎ ዋኑ የነበረው ላን ላይ ሲሰካ ዋይፋዩ ይታያል፣ ኢንተርኔት ግን አይኖርም። ይህ በየበዓሉ ማግስት የሚያጋጥም ነገር ነው። ሳትነቅሉ በፊት በስልክ ፎቶ አንሱት።

ሳጥኗ ላይ ቀይ መብራት በራ። ተቃጠለች ማለት ነው?

አብሽሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ኦኤንቲ ላይ ኤል ኦ ኤስ በሚለው ስር ቀይ ከበራ ብርሃኑ ከውጭ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ክሩ ተቆርጧል፣ ተጣጥፏል፣ ወይም ጫፉ ከሶኬቱ ላልቷል። ፖን የሚለው አረንጓዴ ሳያቋርጥ ብልጭ ድርግም ካለ ብርሃኑ ደርሷል፤ ግን ሳጥኗ በአቅራቢው በኩል ገና አልተመዘገበችም።

ክሩን በበር መሃል አሳልፋችሁ በሩን የምትዘጉ ሰዎች አላችሁ። ከሶፋ ጀርባ በሹል አጥፋችሁ የምታስቀምጡም አላችሁ። የመዳብ ሽቦ ይህን ይችላል። ፋይበር አይችልም፤ ሳይሰበር እንኳ በጣም ሲታጠፍ ብርሃኑ በመታጠፊያው ላይ ያመልጣል። ሰፋ አድርጋችሁ ጠቅልሉት። ከሳጥኗ የተነቀለውን ጫፍ ደግሞ አተኩራችሁ አትዩት። ብርሃኑ ለዓይን የማይታይ ነው፣ ዓይንን ግን ሊጎዳ ይችላል። ልጆች እንዳይጫወቱበት።

አይፒ አድራሻ ምንድን ነው? የጎረቤቴም የእኔም 192.168.1 ብሎ የሚጀምረውስ ለምንድን ነው?

ኔትወርክ ላይ ያለ መሣሪያ ሁሉ መለያ ቁጥር አለው። የተለመደው ዓይነት፣ አይፒ ስሪት 4፣ በአጠቃላይ ወደ 4.3 ቢሊዮን ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ለዓለም ስልክ ሁሉ አይበቃም። ስለዚህ ለቤት ውስጥ ብቻ የሚያገለግሉ ቁጥሮች ተለይተው ተቀመጡ። በ10 የሚጀምሩት፣ ከ172.16 እስከ 172.31 ያሉት፣ እና በ192.168 የሚጀምሩት ናቸው። እነዚህን ማንም ቤቱ ውስጥ ይጠቀማል፤ ከቤት ውጭ ግን አይታወቁም። የእናንተ 192.168.1.5 እና የጎረቤታችሁ 192.168.1.5 አይጣሉም።

ወደ ውጭ ስትወጡ ግን የቤቱ ሰው ሁሉ የሚወጣው በአንድ ቁጥር ነው። ይህን የሚያደርገው ናት የሚባለው የራውተሩ ሥራ ነው። ሆጤ አካባቢ ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቡ። ከውጭ የሚታወቀው የበሩ ቁጥር አንድ ነው። ዕቃ የላከው ማን እንደሆነ፣ መልሱ ለየትኛው ክፍል እንደሚገባ የሚያውቀው ዘበኛው ነው። ራውተሩም ማን ምን እንደጠየቀ መዝግቦ ይይዛል፤ መልሱ ሲመጣ ለጠየቀው ያቀብላል። ማንም ያልጠየቀው ነገር ከውጭ ቢመጣ ለማን እንደሚሰጠው ስለማያውቅ አያስገባውም። ይህ ሳይታሰብ የተገኘ ጥበቃም ሆኗል።

ፕሪንተራችን አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን ይጠፋል። ኔትወርክ ነው ወይስ ፕሪንተር?

የጽሕፈትና የኮፒ ቤት ሰዎች ይህን ጥያቄ ያውቁታል። ተማሪ ተሰልፎ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ሊታተም ተልኮ፣ ፕሪንተሩ "ኦፍላይን" ይላል።

ቁጥር የሚያድለው ዲኤችሲፒ የሚባል የራውተሩ አገልግሎት ነው። አዲስ ስልክ ሲገባ ካሉት ቁጥሮች አንዱን ለተወሰነ ጊዜ ያውሰዋል። ጊዜው ሲያልቅ ያድስለታል ወይም ለሌላ ይሰጠዋል። አሁን ፕሪንተሩን የተከለው ባለሙያ 192.168.1.10 ብሎ በእጁ ሞልቶበት ሄዷል እንበል። ራውተሩ ይህን አያውቅም። ጠዋት ለገባ የአንድ ተማሪ ስልክ ያንኑ 10 ቁጥር ይሰጠዋል። ሁለቱ አንድ ቁጥር ላይ ይጋጫሉ። ተማሪው ሲወጣ ፕሪንተሩ በተአምር ይድናል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ራውተሩ ገጽ ላይ ዲኤችሲፒ ውስጥ ገብታችሁ የሚታደለው ቁጥር ከ100 እስከ 200 ብቻ እንዲሆን አድርጉ። ከ2 እስከ 99 ያለው ለፕሪንተር፣ ለካሜራና ለመሳሰሉት በእጅ ለምትሞሉት ይቀራል። ፕሪንተር ቤት ያላችሁ ሰዎች ዛሬውኑ አድርጉት።

ማክ አድራሻስ? ከአይፒ ምን ይለየዋል?

አይፒ ይቀያየራል፤ ማክ ከፋብሪካው የተሰጠ የመሣሪያው መለያ ነው። በኮሎን የተከፋፈሉ 12 ቁጥርና ፊደላት ናቸው። አዳዲስ ስልኮች ግን ባለቤታቸው እንዳይታወቅ በየዋይፋዩ የተለየ የውሸት ማክ ያወጣሉ። ስለዚህ "የልጄን ስልክ በማክ አገድኩት፣ እንደገና ገባ" ብትሉ አይገርመንም።

ዲኤንኤስ የሚባለው ነገር ኢንተርኔት ያጠፋል?

ያጠፋ ያስመስላል። እኛ ስም እንጽፋለን፤ ኮምፒውተር የሚሄደው በቁጥር ነው። ስሙን ሲሰጡት ቁጥሩን የሚመልሰው ዲኤንኤስ ነው። እሱ ካልመለሰ መስመሩ ሙሉ ሆኖ ሳለ ዌብሳይት አይከፈትም።

አንድ የምንወደው ምልክት አለ። ቴሌግራም መልእክት እያስገባ ዌብሳይት ግን አንድም ካልተከፈተ ዲኤንኤሱን ጠርጥሩ። ቴሌግራም የሰርቨሮቹን ቁጥር አፑ ውስጥ ስለያዘ ስም ሳይጠይቅ መሄድ ይችላል። ኮምፒውተር ካላችሁ ደግሞ ጥቁሩን የትእዛዝ መስኮት ከፍታችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል "ping 8.8.8.8" ብላችሁ ጻፉ። ከመለሰ መስመሩ አለ። ከዚያ ራውተሩ ወይም ኮምፒውተሩ ላይ ዲኤንኤሱን 8.8.8.8 አድርጉት፤ የጉግል ነው። 1.1.1.1ም ይሆናል፤ ክላውድፍሌር በ2018 የጀመረው ነው። ሁለቱም ነፃ ናቸው።

10 ሜጋ ገዝቼ በሰከንድ 1 ሜጋ ብቻ ነው የሚያወርደው። ተጭበርብሬ ይሆን?

አልተጭበረበራችሁም። የመስመር ፍጥነት የሚሸጠው በሜጋቢት ነው። ፋይል የሚለካው በሜጋባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት ነው። ስለዚህ 10 ሜጋቢት በሰከንድ ለ8 ሲካፈል 1.25 ሜጋባይት ይሆናል። 700 ሜጋባይት ፊልም ማንም ሳይጋራችሁ ከ9 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል።

ፍጥነት ስትለኩ በዋይፋይ አትለኩ። ላፕቶፑን በኬብል ራውተሩ ላይ ሰክታችሁ፣ ሌላውን ሁሉ አውጥታችሁ ለኩ። በኬብል ሙሉ፣ በዋይፋይ ግማሽ ከሆነ ጉዳዩ የቤታችሁ ነው። በኬብልም ግማሽ ከሆነ ለአቅራቢው ንገሩ።

ፒንግ ከፍ አለ ሲባልስ?

መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚወስደው ጊዜ ነው፤ በሚሊሰከንድ ይለካል። ፍጥነት ብዙ ሆኖም ፒንግ ከፍተኛ ሊሆን ይችላል። ኢትዮጵያ የባሕር በር ስለሌላት ወደ ባሕር ስር ኬብሎች የምትደርሰው በጎረቤት አገሮች፣ በተለይ በጅቡቲ በኩል ነው። አውሮፓ ያለ ሰርቨር ላይ ጌም የሚጫወት ልጅ ጥቂት መዘግየት አይቀርለትም። ግን የገዛ ራውተራችሁን ፒንግ ስታደርጉ ከጥቂት ሚሊሰከንድ ካለፈ፣ ያ የጅቡቲ ጉዳይ አይደለም፤ የዋይፋያችሁ ነው።

2.4 እና 5 የሚባሉት ሁለት ዋይፋዮች የትኛው ይሻላል? ጓዳ ውስጥ ደግሞ ለምን አይደርስም?

2.4 ጊጋኸርዝ ይርቃል፣ ግድግዳ ያልፋል፣ ግን ይዘገያል። ጎረቤት ሁሉ እዚያው ስለሆነም ይጨናነቃል። 5 ጊጋኸርዝ ይፈጥናል፣ ግን ግድግዳ ሲያይ ይደክመዋል። ሳሎን ለቴሌቪዥን 5፣ ጓዳና ግቢ 2.4 ብትሉ ያስኬዳል። አንዳንድ ርካሽ ስልክና ብዙ የደህንነት ካሜራ 5 ጭራሽ አይታየውም። "ራውተሩ ተደብቆብኛል" የሚል ሰው ስልክ ብዙ ጊዜ ይህ ነው።

ቤቱ ራሱ ብዙ ይወስናል። የድሮ የደሴ የጭቃ ቤት ግድግዳው ወፍራም ቢሆንም ዋይፋይ እንደምንም ያልፈዋል፤ እርጥብ ሲሆን ግን ይብሳል። ድንጋይና ብረት የገባበት ኮንክሪት ይከብደዋል። ቆርቆሮና የኮንቴይነር ሱቅ ደግሞ ግትር ነው። ብረት ሬዲዮን ይመልሳል። ኮንቴይነር ውስጥ ራውተር አስቀምጦ በረንዳ ላይ ለተቀመጡ ደንበኞች ዋይፋይ መስጠት የሚሆነው በሩ ክፍት እስካለ ብቻ ነው።

አሁን ስለ አቀማመጥ። ቡፌው ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሳ የተቀመጠች ራውተር ያላየ ቴክኒሻን ደሴ ውስጥ የለም። ዳንቴሉ ምልክቱን አያስቆምም፤ አየር ማስወጫውን ግን ይዘጋል። ሳጥኗ ትሞቃለች፣ ስትሞቅ ትንተባተባለች፣ ራሷን አጥፍታ ትነሳለች። ከሚሴና ባቲ ያላችሁ ይህን ከደሴ ሰው በላይ ታውቁታላችሁ። ቡፌው ጀርባው መልክ የሚያሳይ መስታወት ከሆነ ሌላ ጣጣ አለ፤ መስታወት የሚያደርገው ከጀርባው የተቀባው ስስ ብረት ነውና ሬዲዮውን ይመልሳል። ቴሌቪዥኑ ጀርባም አይመከርም። ከፍ ያለ፣ ገላጣ፣ ከቤቱ መሃል የሆነ ቦታ ፈልጉ። ለጌጥ የማይመች ቦታ ይሆናል፤ ምን ይደረግ።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ደግሞ ቻናሉን፣ ማለትም ዋይፋዩ የሚሠራበትን የሬዲዮ መስመር፣ ተመልከቱ። 2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ስልክ ላይ ዋይፋይ የሚያሳይ አፕ ጭናችሁ ከሦስቱ ጎረቤት ያላጨናነቀውን ምረጡ። 3 ወይም 8 ላይ ማስቀመጥ ብልጠት ይመስላል፤ ግን ከሁለት ወገን መረበሽ ነው።

ደሴ ላይ ጉም ሲወርድ ኔትወርክ ይጠፋል ይባላል። እውነት ነው?

ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ ጉሙ ከጦሳ ሲወርድ መንገዱ እንኳ አይታይም። ግን ጉም ለሞባይልና ለዋይፋይ ሬዲዮ ምንም ያህል እንቅፋት አይሆንም። የጉሙ ጠብታዎች ከሬዲዮው ሞገድ አንጻር እጅግ ጥቃቅን ናቸው። ከባድ ዝናብ የሚረብሸው ከዚህ በጣም ከፍ ባለ ፍሪኩዌንሲ የሚሠሩትን፣ ለምሳሌ አንዳንድ የሳተላይት ዲሽና የማማ ለማማ ማገናኛዎችን ነው። ክረምት ላይ ኔትወርክ ሲጠፋ መጀመሪያ መብራት ሄዶ እንደሆነ ተመልከቱ። ከዚያ በኋላ መብረቅን፣ ውኃ የገባበት መገጣጠሚያን ጠርጥሩ።

የ4ጂ ራውተር ሲም አስገብቼ እጠቀማለሁ። የት ላስቀምጠው?

መስኮት ጋ፣ ማማው ባለበት በኩል። ደሴ በተራሮች መካከል የተሸጎጠች ከተማ ናት። በአንዱ ኮረብታ ጀርባ ያለ ቤት በመንገድ ማዶ ካለው ቤት የተለየ ምልክት ቢያገኝ አይግረማችሁ።

በግምት አትሂዱ። የራውተሩ ገጽ ላይ አርኤስአርፒ (RSRP) የሚል፣ የማማውን ምልክት ጥንካሬ የሚያሳይ ቁጥር ፈልጉ። ሁልጊዜ በኔጌቲቭ ይጻፋል፤ ወደ ዜሮ በቀረበ ቁጥር ይሻላል። ከኔጌቲቭ 80 የተሻለ ከሆነ በጣም ጥሩ ነው። ኔጌቲቭ 110 አካባቢ ከሆነ ደካማ ነው። ራውተሩን ከመስኮት ወደ መስኮት ይዛችሁ ዙሩ፣ በየቦታው ጥቂት ጠብቁ፣ ቁጥሩን አንብቡ። ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው 15 እና 20 ልዩነት ይገኛል። ይህ ምንም ብር አይጠይቅም። ቁጥሩ ጥሩ ሆኖ ማታ ማታ ብቻ የሚዘገይ ከሆነ ማማው ላይ ሰው በዝቷል ማለት ነው፤ ያን ቦታ መቀየር አይፈታውም።

ጎረቤት ዋይፋያችንን እየበላ ነው። እንዴት እናስቁመው?

ፓስዎርዱን ለማን እንደሰጣችሁ መጀመሪያ አስታውሱ። ወሎ ላይ እንግዳ ቡና ጠጥቶ ፓስዎርድ ሳይቀበል አይሄድም። አንዱ ስልክ ደግሞ በምስል ኮድ ለሌላው ያካፍላል፤ ፓስዎርዱን ሳታውቁት ሰፈሩን ያዳርሳል።

ፓስዎርዱን ቀይሩ፤ ቢያንስ 12 ፊደልና ቁጥር አድርጉት፤ ስልክ ቁጥራችሁን ግን አታድርጉ። ጥበቃው ደብሊውፒኤ2 ወይም ደብሊውፒኤ3 መሆኑን እዩ። ደብሊውኢፒ በሚባለው የድሮ ጥበቃ ላይ ያለ አሮጌ ራውተር ካላችሁ በደቂቃዎች ይከፈታል። ደብሊውፒኤስ የሚባለውን የአንድ ቁልፍ መግቢያ አጥፉት። ለእንግዳ ደግሞ ራውተሩ ላይ ጌስት ኔትወርክ ክፈቱ። እንግዳው ኢንተርኔት ያገኛል፣ ኮምፒውተራችሁንና ፕሪንተራችሁን ግን አያይም። ካፌና ፔንሲዮን ያላችሁ ይህን ሳታደርጉ ለሕዝብ ዋይፋይ አትስጡ፤ ደንበኛው የሂሳብ መመዝገቢያችሁ ያለበት ኔትወርክ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ከሁሉ የሚረሳው የራውተሩ የራሱ መግቢያ ነው። የዋይፋዩ ፓስዎርድና የራውተሩ ገጽ ፓስዎርድ ሁለት ናቸው። ሁለተኛው ከፋብሪካ እንደመጣ ከተተወ፣ አንዴ የገባ ልጅ እናንተኑ ሊያስወጣችሁ ይችላል።

የዋይፋዩን ስም መደበቅ ይጠቅማል ወይ? አይጠቅምም። የሚያውቅበት ሰው ያየዋል፤ የምትቸገሩት እናንተ ናችሁ።

ኬብል አስገብተን ገና ቀርፋፋ ነው። ስዊቹ ይሆን?

ስዊች አንዱን መስመር ለብዙ ኮምፒውተር የሚያካፍል ሳጥን ነው፤ ራሱ ኢንተርኔት አያመጣም። ከመቀየሩ በፊት የኬብሉን ጫፍ ብርሃን ላይ ያዙት። በግልጹ ፕላስቲክ ውስጥ ስምንት ቀጫጭን ሽቦዎች ተሰልፈው ይታያሉ። ከግራ ሲቆጠር፣ መቆለፊያው ወደ ታች ሆኖ፣ ነጭ ብርቱካንማ፣ ብርቱካንማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ ነው። መጨረሻ ላይ ያለችው ቡናማ ከሌሎቹ ትንሽ አጥራ ከቀረች ወርቃማውን ጥርስ አልነካችም። 1 ጊጋቢት ስምንቱንም ይፈልጋል። 100 ሜጋቢት ግን አራቱ ይበቁታል፤ ብርቱካንማዎቹና አረንጓዴዎቹ። ስለዚህ ብዙ መሣሪያ ዝም ብሎ ወደ 100 ይወርዳል፤ መብራቱ በርቷል፣ ይሠራል፣ ማንም ኬብሉን አይጠረጥርም። ጫፉን ቆርጦ አዲስ ጫፍ መግጠም ይበቃል።

ርቀቱ ከ100 ሜትር አይለፍ። ካት 5ኢ የሚባለው የኬብል ዓይነት ለቤትና ለአብዛኛው ቢሮ ይበቃል። ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር በአንድ ቱቦ አታሳልፉት።

የመጋዘኔን ካሜራ አዲስ አበባ ሆኜ ማየት እፈልጋለሁ። "ፖርት ክፈት" ይሉኛል፤ ከፍቼም አልሆነም።

ፖርት መክፈት ማለት ራውተሩን "ከውጭ በዚህ በር የሚመጣውን ሁሉ ለካሜራው ስጥ" ብሎ ማዘዝ ነው። ይህ የሚሠራው የራውተራችሁ ዋን ላይ ከውጭ የሚታይ ቁጥር ካለ ነው። ዋኑ ላይ ያለውን ቁጥር አይፒ ከሚያሳይ ዌብሳይት ጋር አስተያዩ። ከተለያዩ፣ በተለይ ዋኑ በ10 ወይም ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ከእናንተ በላይ፣ በአቅራቢው በኩል፣ ብዙ ደንበኞችን በአንድ ቁጥር የሚያወጣ ሌላ "ናት" አለ። በሲም የሚሠሩ ራውተሮች ላይ ይህ የተለመደ ነው። ራውተራችሁ ላይ ምን ብትከፍቱ የላዩ በር ዝግ ነው።

መውጫው ሁለት ነው። ቋሚ የሕዝብ አይፒ ከአቅራቢው መግዛት፣ ወይም የካሜራው የራሱን አፕ መጠቀም፤ ብዙዎቹ ካሜራዎች ራሳቸው ወደ ውጭ ወጥተው ይገናኛሉ። ሁለተኛው ይቀላል። የካሜራውን የፋብሪካ ፓስዎርድ ግን ቀይሩ፤ አለበለዚያ መጋዘናችሁን የምታዩት ብቻችሁን አትሆኑም።

ሪስታርትና ሪሴት አንድ ናቸው?

በፍጹም። ሪስታርት አጥፍቶ ማብራት ነው፤ ምንም አይጠፋም። ሪሴት በመርፌ የምትጫነው ትንሿ ቀዳዳ ናት፤ ሁሉን ትደመስሳለች። የዋይፋይ ስም፣ ፓስዎርድ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ መስመሩ የሚገባበት የፒፒፒኦኢ መለያና የይለፍ ቃል። መለያውና የይለፍ ቃሉ የተጻፈበትን ወረቀት የጣለ ሰው ሪሴት ከነካ በኋላ ቤቱ ኢንተርኔት የሚመለሰው አቅራቢው ሲረዳው ብቻ ነው። ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡት።

ሪፒተር ልግዛ ወይስ ሜሽ?

መጀመሪያ ራውተሩን ከቡፌው አውጡት። ካልሆነ፣ ኬብል መሳብ ከቻላችሁ ኬብልና አክሰስ ፖይንት ከሁለቱም ይበልጣል። ርካሽ ሪፒተር በዚያው ሬዲዮ ሰምቶ በዚያው ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱን ግማሽ ያህል ይበላል። ሜሽ፣ ማለትም እየተቀባበሉ አንድ ዋይፋይ የሚያሰራጩ በርካታ ሳጥኖች፣ ይሻላል፣ ይወደዳልም።

መብራት ሲሄድ ራውተሩም ይሄዳል። ሲመጣም አንዳንዴ ይቃጠላል። ምን ይሻላል?

ብዙ ራውተሮች የሚሠሩት በ12 ቮልት ነው፤ ጥቂቶች በ5 ወይም በ9። ስለዚህ ለራውተር ብቻ የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ሳጥን) ያለ ብዙ ወጪ ሰዓታት ያቆያል። ስትገዙ የራውተሩን አዳፕተር ይዛችሁ ሂዱ። ሦስት ነገር ይመሳሰል፦ ቮልቱ አንድ ይሁን፣ አምፔሩ እኩል ወይም የበለጠ ይሁን፣ የመሃሉ ፖዘቲቭና የውጭው ኔጌቲቭ ቦታ ያልተገለበጠ ይሁን። ቮልት የበለጠ አዳፕተር ሳጥኗን ወዲያው ሊገድላት ይችላል። አምፔር የበለጠ ግን አይጎዳም፤ የምትፈልገውን ያህል ብቻ ትወስዳለች።

መብራት ሲመለስ ለደቂቃዎች ሳትሰኩ ጠብቁ፤ ቮልቴጁ የሚዘልለው ያን ጊዜ ነው። የሐምሌና የነሐሴ ነጎድጓድ ሲጀምር ደግሞ አዳፕተሩን ከሶኬት ንቀሉ። ኤዲኤስኤል ያላችሁ የስልክ ሽቦውንም ንቀሉ፤ መብረቅ በዚያም ይገባል። ፋይበር መስታወት ነው፤ መብረቅ አያስተላልፍም፤ እሱን ሳትነኩ ተዉት።